ከኩሬው ወለል የተነሣ መርዝ

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል፤ ኋላ «ለምን ዝም አልክ? ለምን እንዲህ አላልክም?» እያላችሁ ከምትነዘንዙኝ። ዘመኑ የደርግ ነበር። በዚያ ዘመን ደፋር ነበርኩ የሚል ሰው ዛሬ በየጠላ ቤቱ ሞልቷል፤ ያኔ ግን የት ተደብቀው እንደነበር እንጃ።

ከባሕር ዳር የተነሣሁት በሚያዝያ መጨረሻ፣ ፋሲካ አልፎ፣ አንድ ረቡዕ ማለዳ ነው። ያስነሣኝ አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ ነበር። በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወዲያ፣ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለች የገበሬ ማኅበር ውስጥ ከብቶች ከኩሬ ጠጥተው በአንድ ቀን ረግፈዋል። አንድ ብራና ፋቂ መሪጌታም «ኩሬውን መርዟል» ተብሎ ታስሯል። የውሃ ባለሙያ ሄዶ መርዝ መኖሩን ያረጋግጥ ይላል። አለቃዬ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም። «አረጋግጠህ፣ ፈርመህ ና። ነገሩ ፖለቲካ ነው» አለኝ።

ባለቤቴ አስካለ ስንቄን ስትቋጥር «ሰውየው ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔ ከፈረምኩ እርምጃ ይወሰድበታል።» ያኔ እርምጃ ማለት ጥይት ማለት እንደነበር ለእሷ መንገር አያስፈልግም ነበር።

«ካልፈረምክስ?»

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ። እሷም የበሶውን ከረጢት አፍ አጥብቃ አሰረችና «ልጆች እንዳሉህ አትርሳ» አለች።

ከባሕር ዳር እስከ ንፋስ መውጫ

ዱቄት የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ነው የወጣሁት። ጋቢናው ውስጥ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ እኔና በጭኔ ላይ የታቀፍኳት የማይክሮስኮፕ ሣጥን ነበርን። ወረታ ላይ ከጎንደር መንገድ ተለይተን ወደ ምሥራቅ ስንታጠፍ ሙቀቱ ቀረ፤ ደብረ ታቦር ስንደርስ ኮት ደረብኩ። ዕንቁላል በወጥ በላን። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ቢሆን አልተጾመም፤ እኔ ግን ግማሹን ለረዳቱ ተውኩለት።

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ አንድ ጥበቃ የይለፍ ወረቀቴን ገልብጦ ገላብጦ አየና ሣጥኑን አስከፈተኝ።

«ይሄ ሬዲዮ ነው?»

«አይደለም ጓድ። ማይክሮስኮፕ ነው። ዓይን የማያየውን ደቃቅ ነገር የሚያሳይ መነጽር ነው።»

«ዓይን የማያየውን?» አለና ጎንበስ ብሎ በቱቦው አየበት። «እንግዲያው የተደበቀ ጠላትም ያሳያል በለኛ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ዘግይቼ ስለሳቅሁ ሳቄን አልወደደውም። ባዶ ጠርሙሶቼን አንድ በአንድ አሽትቶ፣ ስሜን በደብተሩ ጽፎ ለቀቀኝ። ጉናን ወጥተን ጭጋጉ ውስጥ እስክንገባ ድረስ ወደ ኋላዬ አይ ነበር።

መንገዱ ረጅም ስለሆነ፣ ስለ ሙያዬ እዚህ ላይ ትንሽ ልበል። ሥራ የጀመርኩት ምጽዋ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ሥራችን የባሕሩን ወለል መቧጠጥ ነበር። ከአሸዋው፣ ከሞተ ዛጎልና ከባሕር ሣር ላይ ቧጠን፣ የሚወጣውን ዝቃጭ በማይክሮስኮፕ ማየት። በውስጡ ያሉት ያለ ማጉሊያ የማይታዩ ደቃቅ ዕፀዋት ናቸው፤ አልጌ እንላቸዋለን። የሰው ዓይን ጭቃ ነው ብሎ ያለፈው ማንኪያ ሙሉ ዝቃጭ ውስጥ ስንት ዓይነት አለ መሰላችሁ! አንዱ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ፣ አንዱ እንደ ጀልባ ሹል፣ አንዱ ክር ሆኖ የሚወዛወዝ። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም። ጥቂቶቹ ግን መርዝ አላቸው። ትንሹ ዓሣ ይበላቸዋል፣ ትልቁ ዓሣ ትንሹን ይበላል፣ ሰው ትልቁን ይበላና ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ እሳት ያቃጥለዋል። ክፋቱ፣ መርዛሙን በመልክ መለየት አይቻልም። አንድ ዓይነት ሆኖ እዚህ ጋ የሚገድለው እዚያ ማዶ ምንም አይልም። ለእንስሳ አብልቶ ከማየት ሌላ መንገድ አልነበረንም።

አንድ የምጽዋ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ያሉኝን አልረሳም። «ወለሉን ካልነካችሁት ተኝቶ ይኖራል። መርከብ ማቆሚያ ሊሠሩ ቧጠው ድንጋዩን ሲገለብጡት ነው ዓሣው ሰው መግደል የጀመረው» ነበር ያሉኝ። ኋላ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሬ የኩሬና የምንጭ ሠራተኛ ስሆን ይህን ነገር ወደ ጎን አደረግሁት። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አርብ ገበያ

ንፋስ መውጫ አንድ ቀን መኪና ጠብቄ፣ ዓርብ ዕለት እህል የሚያመጣ መኪና አግኝቼ አርብ ገበያ ወረድኩ። ገበያው ሙሉ ነበር። ጤፍ፣ ሽንብራ፣ በርበሬ፣ በአህያ የመጣ ጨው። የከብት ተራው ግን ጭር ብሏል። አንዲት ቅቤ የምትሸጥ ሴት ወዴት እንደምሄድ ጠይቃኝ ስነግራት፣ ቅሏን ከድና ፊቷን አዞረች። ከዚያ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቤተ ልሔም ልሳለም ነው አልኩ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደመላሽ በቅሎ ይዞ መጥቶ ተቀበለኝ። ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቁልቁል ስንወርድ፣ እርሻው ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ ለከብት የሚጋጥ አንድ ጭብጥ ሣር እንኳ አይታይም ነበር። ስለ መሪጌታው ስጠይቀው «መሪጌታ ይኄይስ ይባላሉ። ልጄን ዳዊት ያስደገሙ እሳቸው ናቸው» አለኝና የበቅሎዋን ልጓም ሳበ።

«ታዲያ መርዘዋል ብለህ ታምናለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጓድ አያሌው? ነገ ከንፋስ መውጫ ካድሬ ይመጣል። እርስዎም አሉ።»

ኩሬው

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኩሬው ዘንድ ደረስን። ከምንጭ የሚሞላ፣ በድንጋይ የተከበበ፣ ከጥንት ጀምሮ ሰውና ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ነው። በወዲያኛው ጫፍ፣ ውሃው ፈሶ በሚወጣበት በኩል፣ የመሪጌታ አራት የፍየል ቆዳዎች ድንጋይ ተጭኗቸው አሁንም ተነክረው ነበር። ማንም ሊነካቸው አልደፈረም።

እኔ ግን ያየሁት ቆዳውን አይደለም። የኩሬው ወለል ተፍቋል። በመጥረጊያና በመቆፈሪያ ተግጦ ነጭ ድንጋዩ ይታያል። ከወለሉ የወጣው ደግሞ በከብት መጠጫው በኩል ዳር ላይ ተከምሯል፤ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ እንደ በርኖስ ቁራጭ የተነባበረ። ግማሹ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ተመልሶ ገብቷል። አረንጓዴ ነገር በጠፋበት ወራት ላም ምን ታድርግ? በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው።

«ይህን ማን ጠረገው?» አልኩ። 

ደመላሽ ዙሪያውን አየ። ከደረት ኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ከላይ የወረደ መመሪያ ነው። ማኅበርተኛውን አስወጥቼ አስጠረግሁ። ከብቶቹ የሞቱት በማግስቱ ነው።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ጓድ፣ እኔም አስቤዋለሁ። ግን የመንግሥት መመሪያ ከብት ገደለ ብዬ ልናገር? ራሴን ላስበላ? ሰዉ ቆዳውን አይቶ መሪጌታን ሲል ዝም አልኩ። እግዜር ይፍረድብኝ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። «የኩሬዎችን ወለል ከማንኛውም አረንጓዴ ሽፋን ሙሉ በሙሉ ጠርጎ ማጽዳት» ይላል። ሌላውን ማንበብ አላስፈለገኝም፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ የተጠረጉ ኩሬዎች ቁጥር በሪፖርት እንዲያድግ ፈልጎ ጻፍ አለኝ፣ እኔም የዓሣ አጥማጁን ነገር ወደ ጎን ትቼ በሁለት ቀን ጽፌ ሰጠሁት። ማኅተሙ የመሥሪያ ቤቱ፣ ፊርማው የአለቃዬ፣ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ለደመላሽ መለስኩለት።

ያን ዕለት መሪጌታን በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ አገኘኋቸው። እጃቸው በጠፍር ታስሯል። ስገባ ሊነሡልኝ ሞከሩ።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ መሪጌታ! በሞቴ!»

«ውሃውን የሚመረምሩት እርስዎ ነዎት? ቆዳ የምዘፈዝፈው መምህሬ ባሳዩኝ ቦታ፣ በውሃው መውጫ ነው። ምንም አልጨመርኩበትም። አመድ እንኳ አላስነካሁትም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ፈርቻለሁ ልጄ። ሌላ ሰው ሲሞት ስንቱን ፈታሁ፣ ስንቱን አጽናናሁ። የራሴ ሲደርስ ግን ውዳሴ ማርያሙ ከአፌ ጠፋ።»

እኔም እንደፈራሁ ልነግራቸው ፈለግሁ። አልነገርኳቸውም። ብቻ መርዙ ከኩሬው ወለል የወጣ ይመስለኛል አልኳቸው።

«ታዲያ በመነጽርዎ ያዩታል?»

«ዓይነቱ ይታያል መሪጌታ። መርዙ አይታይም።»

ቅዳሜ፣ ሁለት ዶሮዎች

ማለዳ ፀሐይ እንደወጣች የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ ብርሃን አዙሬ የክምሩን ቅንጣት አየሁ። ጀልባዎቹ አሉ፣ ጠፍጣፎቹ አሉ። ከሁሉ የበዙት ግን ሰማያዊ አረንጓዴ ክሮች ናቸው፤ እየተወዛወዙ እርስ በርስ ይሳሳባሉ። የምጽዋው ባሕር ክሮች ዘመዶች ናቸው። ከቆዳዎቹ ሥር በቀዳሁት ውሃ ውስጥ ግን አንድም ክር አልነበረም። ይህ ለእኔ ማስረጃ ነው፤ ለካድሬ ግን ምኑም አይደለም።

ሦስት ሰዓት ላይ ሕዝቡ ኩሬው ዳር ተሰበሰበ። ካድሬው ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ከንፋስ መውጫ መጥቷል፤ ወጣት ነው፣ ጫማው ያብረቀርቃል። መሪጌታን እጃቸውን እንደታሰሩ አምጥተው መሬት ላይ አስቀመጧቸው። እኔ ሁለት ዶሮ አስመጣሁ። ለቀይዋ ቆዳው የተነከረበትን ውሃ በሊጥ ለውሼ፣ ለነጭዋ የክምሩን አረንጓዴ በሊጥ ለውሼ አበላሁ። «መርዙ በቆዳው ከሆነ ቀይዋ ትሞታለች፣ ከወለሉ በወጣው ከሆነ ነጭዋ ትሞታለች» ብዬ አስረዳሁ።

ከዚያ ጠበቅን። ጌታዬ፣ ዶሮ የጠበቀ ያውቀዋል! ቀይዋ ጫረች። ነጭዋም ጫረች። ፀሐዩ ከረረ።  ነጭዋ ክንፏን አራገበች፣ ሁላችንም አየናት፤ አራግባ ስታበቃ አንድ ትል ለቅማ ዋጠች። የፈራሁት ይህንኑ ነበር፤ ከክምሩ አንዱ ጥግ ይገድላል፣ ሌላው አይገድልም። ያነሣሁት ከየትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።

ሁለት በሬዎቹ በአንድ ቀን የሞቱበት ሽማግሌ፣ አያ ዘለቀ፣ በትሩን ተደግፎ ተነሣ። «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነው ጓዶች። እኔ በሬዎቼን ቀብሬ በዶሮ አትጫወቱብኝ። ከሥሩ የሚያውቅ ካለ ይናገር።»

ካድሬውም ሰዓቱን አየና ተነሣ። «በቃ። ባለሙያው ከቆዳው ሌላ ምክንያት ማሳየት አልቻለም። ወረቀቱን አምጡና ይፈርም» አለ። አንደኛው ታጣቂ መሪጌታን በብብታቸው ይዞ አነሣቸው። እግራቸው አልቆም አላቸው።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ደፍሬ አይደለም፤ እምላለሁ። የእሳቸው እግር ሲክዳቸው ሳይ የእኔ እግር ነው ብድግ ያለው። «ሥሩ እኔ ነኝ» አልኩ።  «ይህ አረንጓዴ ከወለሉ ካልተነሣ ማንንም አይገድልም። የተነሣው ወለሉን ጥረጉ ስለተባለ ነው። ጥረጉ የሚለውን መመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወለል ሲነካ መርዝ እንደሚወጣ ተነግሮኝ ነበር። እያወቅሁ ጻፍኩት። ሊቀመንበሩ የታዘዘውን ፈጸመ፣ መሪጌታ ቆዳቸውን ነከሩ፣ ሌላ ያደረጉት የለም።»

ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት «ኧረ የሰው ያለህ!» አለች። ደመላሽ ገርጥቶ፣ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ለካድሬው ሰጠው። ካድሬው ቁሞ አነበበ። ማኅተሙ ላይ ሲደርስ ቆየ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ከሁለቱ ታጣቂዎች የትኛው ይሆን የሚወስደኝ።

ካድሬው ወረቀቱን አጠፈው፤ ለደመላሽ ግን አልመለሰም፣ በራሱ ኪስ ከተተው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እሱም ፈርቷል። ይህን ማኅተም ጥፋተኛ ብሎ ሪፖርት መጻፍ የእሱንም አንገት ያስጠይቃል። «ከብቶቹ የሞቱት በአባ ሰንጋ በሽታ ነው» አለ ለሕዝቡ። «መርዝ የሚባል የለም። መመሪያ የሚባልም የለም። ስብሰባው ተዘግቷል። ሰውየውን ፍቱት።» አባ ሰንጋ የሚል አዲስ ወረቀት አጽፎ አስፈረመኝ። ስፈርም ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና «ይህን ነገር ደግመህ ካወራኸው ከወለሉ በታች ነው የምትገባው» አለኝ።

እኔ ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ማይክሮስኮፑን ወደ ሣጥኑ መመለስ ነው።

ካድሬው ከሄደ ብዙም ሳይቆይ፣ ዕቃዬን ስሰበስብ አያ ዘለቀ መጣ። የሞተችውን ነጭ ዶሮ እግሯን ይዞ አንጠልጥሏታል። «በሬዎቼም ልክ እንዲህ አንገታቸውን ነበር የጣሉት» አለ። አልሰደበኝም። ብሰደብ ይቀለኝ ነበር። ክምሩን ከኩሬው አርቆ በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀብር፣ ክረምቱ እስኪገባም ኩሬውን በመጠጫው በኩል እንዲያጥረው ለመንኩት።

መሪጌታ ይኄይስ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙኝ። እንባቸው እየወረደ ጉንጬን ስመው «ልጄ፣ ይህ ወረቀት ሌላም ቦታ ወርዷል?» ብለው ጠየቁኝ።

«በየወረዳው ወርዷል መሪጌታ። ልናገር ብል እታሰራለሁ። ፈርሜያለሁ።»

«አንተ ፈርመሃል» አሉ። «እኔ ግን አልፈረምኩም።»

በስማዳና በእስቴ

በመጣሁበት አልተመለስኩም። ካድሬውን ንፋስ መውጫ ላይ ማየት ስላልፈለግሁ ከጨው ነጋዴዎች ጋር በስማዳ በኩል ዞርኩ። ሁለት ቀን ገደል ወርደን ገደል ወጣን። ወገዳ ልንደርስ ስንል አንድ ኩሬ አየሁ፤ ወለሉ ተጠርጓል፣ ክምሩ ገና እርጥብ ነው። አንዲት ሴት ገንቦዋን ትሞላለች፣ ኋላዋ ሁለት ላሞች አሉ።

«እሜቴ፣ ከመሃል ይቅዱ። ላሞቹንም ከዚያ ክምር ያርቋቸው።»

«ለምን?»

ከነጋዴዎቹ አንዱ ዘወር ብሎ አየኝ። «እንዲሁ ነው፣ ይሸታል» አልኳት። ላሞቹን በዘንጓ መለስ አደረገቻቸው፤ እኔ ከሄድኩ በኋላ ግን ምን እንዳደረገች አላውቅም። እስከ ዛሬ የምትመጣብኝ ያቺ ሴት ናት። ከወገዳ ተነሥተን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ስንገባ እግሬ አብጦ ነበር። ከዚያ በጭነት መኪና ባሕር ዳር ገባሁ።

ቤት

ለአለቃዬ «አባ ሰንጋ ነው» አልኩት። ተነፈሰ። ለአስካለም «በሽታ ነው፤ ሰውየው ተፈቱ» አልኳት። «ተመስገን!» ብላ እግሬን በሞቀ ውሃ አጠበችልኝ። መኪና ከደጃችን በቆመ ቁጥር እየዘለልኩ ሣምንታት አለፉ። ጉዞው ያስተማረኝ ብዬ የምጽፈው ትልቅ ነገር የለኝም። ፍርሃት እኔ ዘንድ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ አለቃዬ፣ ደመላሽ፣ ካድሬውም አንዱ ከሌላው እየተቀበሉ ሲያወርዱት ኖረው መጨረሻ ላይ የታሰሩት መሪጌታ ላይ ነበር ያረፈው።

አንድ እሑድ አስካለ ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወርድ በር ላይ ቆመች።

«ዛሬ ቄሱ ምን ብለው ገዘቱ መሰለህ? የኩሬ ወለል የጠረገ የጎረቤቱን ከብት እንደገደለ ይቆጠራል፣ የጠረገ ካለ ክምሩን ይቅበር አሉ። ከጋይንት የመጣ ቃል ነው፤ በእስቴም፣ በስማዳም በየደብሩ እየተነገረ ነው አሉ።» ቀስ ብላ ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠች። «አንተ የሄድክበት ኩሬ ነው አይደል? አያሌው፣ ይህን ነገር ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኳት።